ከበሩ በላይ የተጻፈው ምን ይላል? የነበጥ ነገሥታት ታሪክ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

  

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጥንታዊ የዐረብ ሕዝብና ስለ ነገሥታቱ ነው። ወደዚህ ርዕስ ያስገባችኝ አንዲት የመድረሳ ተማሪ ናት።

ከሃያ ዓመት በፊት ይሆናል። በማስተምርበት መድረሳ ለሕፃናቱ የነቢዩላህ ሷሊሕን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የምነግርበት ቀን ስለነበር፣ ከአንድ የግድግዳ ካላንደር ላይ የቆረጥኩትን ፎቶ ይዤ ገባሁ። ፎቶው የተነሳው በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ በአል-ዑላ ከተማ አቅራቢያ ከሚገኘው አል-ሒጅር፣ ሰዎች በተለምዶ መዳኢን ሷሊሕ ከሚሉት ስፍራ ነው። ከአለቱ ፊት ተጠርቦ የወጣ፣ ትልቅ በር ያለው፣ አናቱ ላይ ደረጃ የመሰለ ጌጥ የተሠራለት ግርማ ያለው ነገር ነው። «ልጆች፣ የሰሙድ ሕዝቦች ቤት ይኸውላችሁ። እነርሱ ጠፉ፣ ቤታቸው ቀረ» አልኳቸው። አሥር ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ኡስታዝ፣ ከበሩ በላይ የተጻፈው ምን ይላል?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ጽሑፍ መኖሩንም አላየሁም ነበር። ቀረብ አድርጌ ሳየው ከበሩ በላይ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ተቀርጿል፤ በውስጡም መስመሮች አሉ። «አላሁ አዕለም» ብዬ አለፍኩ። ይህ ቃል የዑለሞች ቃል ነው። እነርሱ የሚሉት ፈልገው ሲያጡ ነው፤ እኔ ያልኩት ላለመፈለግ ነበር። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ኮሌጅ ገብቼ የታሪክ መጻሕፍትን ማገላበጥ ስጀምር መልሱን አገኘሁት። ጽሑፎቹ እኔ ሳልወለድ በፊት ተነበው አልቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1876 ቻርልስ ዳውቲ የተባለ እንግሊዛዊ ከደማስቆ ከሚነሳው የሐጅ ቅፍለት ጋር ተጉዞ አል-ሒጅር ላይ ቀረ። ጽሑፎቹንም እርጥብ ወረቀት ድንጋዩ ላይ እየተጫነ ገለበጣቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንትም ሥራውን ጨረሱት። ታዲያ ምን ይላሉ? እነዚያ ግርማ ያላቸው በሮች የመኖሪያ ቤት በሮች አይደሉም። መቃብሮች ናቸው። ጽሑፉ የመቃብሩ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን ሊቀበርበት እንደሚችል ይዘረዝራል። የሚሸጠው፣ የሚያከራየው ወይም ባዕድ የሚቀብርበት ሰው ምን ያህል እንደሚቀጣም ይናገራል። በብዙዎቹ ላይ ቅጣቱ ለጣዖታቸውና ለንጉሡ የሚከፈል ነው። በመጨረሻም ቀኑ ይጻፋል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ንጉሡ ከነገሠበት ዓመት ነው። ጥንታዊ የውል ሰነድ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት ፈንታ በአለት ላይ መጻፉ ነው።

አንደኛው መቃብር ከምከም የተባለች ሴት ለራሷ፣ ለልጇ ለኩለይባና ለዘሮቻቸው ያሠራችው ነው። የተጻፈው ንጉሥ ሓሪስ በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት ነው፤ ይህም ዛሬ በምንጠቀምበት የአውሮፓ አቆጣጠር ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት 1ኛው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ይውላል። ቀን የተጻፈባቸው የአል-ሒጅር መቃብሮች በሙሉ ከዚያ ጊዜ እስከ እ.ኤ.አ. 75 ባሉት ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ሰሙዶች ግን ከዚያ እጅግ የቀደሙ ናቸው። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በ715 ከልደት በፊት ስላሸነፋቸው የዐረብ ነገዶች ባስጻፈው ዜና ላይ የሰሙድ ስም ይገኛል፤ የነቢዩላህ ሷሊሕ (ዐ.ሰ.) ዘመን ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። ስለዚህ ለልጆቹ ያሳየሁት ፎቶ የሰሙድ ቤት ሳይሆን የነበጦች መቃብር ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ነበጦች፣ በዐረብኛ አል-አንባጥ የሚባሉት፣ እነማን ናቸው? ንጉሣቸው ሓሪስስ ማን ነው?

በታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ያለ ንጉሥ ነው። ዲዮዶሮስ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ ብዙም የማይበልጥ፣ ግመልና በግ የሚያረቡ፣ ከደቡብ ዐረቢያ የሚመጣውን ዕጣንና ከርቤ ወደ ሜዲትራኒያን ወደቦች የሚያደርሱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ለየት ያለ ሕግ ነበራቸው። እህል የዘራ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ የተከለ፣ ወይን የጠጣ፣ ቤት የሠራ ሰው በሞት ይቀጣል። ምክንያቱም ቤትና እርሻ ያለውን ሰው ጉልበተኛ በቀላሉ ያስገብረዋል ብለው ያምኑ ነበርና። መመኪያቸው ውሃ ነበር። አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ጉድጓድ በምድር ውስጥ ይቆፍሩና የዝናቡን ውሃ ያጠራቅማሉ፤ አፉን ዘግተው ከራሳቸው በቀር ማንም የማያውቀውን ምልክት ያደርጉበታል። ጠላት ሲመጣ ወደ በረሃው ይገባሉ። ጠላት በጥም ይሞታል፤ እነርሱ ይጠጣሉ።

በ312 ከልደት በፊት ከታላቁ እስክንድር ጄኔራሎች አንዱ የነበረው አንቲጎኖስ አራት ሺህ እግረኛና ስድስት መቶ ፈረሰኛ ላከባቸው። ወንዶቹ ወደ በዓላቸው ሄደው ሳለ ጦሩ አምባቸውን በሌሊት ዘርፎ ዕጣኑን፣ ከርቤውንና አምስት መቶ መክሊት ብር ይዞ ወጣ። ነበጦቹ ግን ተከትለው ሰፈሩ ላይ ደረሱበት። ከዚያ ጦር ያመለጡት ሃምሳ የሚሆኑ ፈረሰኞች ብቻ ነበሩ ይላል ጸሐፊው።

ይህ ሕዝብ ከጊዜ በኋላ ቤት ሠራ፣ እርሻ አረሰ፣ ንጉሥም አነገሠ። ዛሬ በዮርዳኖስ የምትገኘው ፔትራ ዋና ከተማው ሆነች። ስማቸው ከደረሰን መሪዎቹ የመጀመሪያው ሓሪስ የሚባል ሲሆን በ168 ከልደት በፊት ገደማ ይጠቀሳል። ግሪኮች ስሙን አሬታስ ብለው ስለጻፉት የባዕድ ይመስላል እንጂ በሰሓቦች ዘንድ የምናውቀው ሓሪስ የሚለው ስም ራሱ ነው። ማልኮስ ያሉት ማሊክን ነው፤ ኦቦዳስ ያሉት ዑባዳን ነው። ከነገሥታቱ መካከል ረብኤል የሚባሉም አሉ። የነገሥታቱን ዝርዝር በግሪክኛው አጠራር ስናነበው የባዕድ አገር ታሪክ ይመስለናል፤ በዐረብኛው ስናነበው ግን የጎረቤቶቻችንን ስም እንደመጥራት ነው።

ሁሉንም አንድ በአንድ አልቆጥርላችሁም። በቅጽል ስሞቻቸው ላይ ግን ልቆይ፤ ሰው ለራሱ የሚመርጠው ስም ልቡን ያሳያልና።

ሓሪስ ሦስተኛው በ84 ከልደት በፊት ገደማ የደማስቆ ሰዎች ጠርተውት ከተማዋን ያዘ። እዚያም ያስመታው ገንዘብ ላይ ለራሱ «የግሪኮች ወዳጅ» የሚል ስም አስጻፈ። የተገዢዎቹን ልብ ለማግኘት ይሆናል። ያም ሆኖ ብዙ አልቆየም፤ ከተማዋን ለቀቀ። በኋላም ሮማውያን ሲመጡበት ሦስት መቶ መክሊት ብር ከፍሎ መለሳቸው። በ58 ከልደት በፊት ሮም ውስጥ በተመታ የብር ገንዘብ ላይ ይህ ንጉሥ ከግመሉ አጠገብ ተንበርክኮ የወይራ ዝንጣፊ ሲያቀርብ ተቀርጿል። ከፍሎ ያዳነውን ክብሩን በገንዘብ ላይ ቀርጸው በገበያ አዞሩበት።

ከእርሱ በኋላ ከመጡት መካከል በሐውጃ የማነሳው ዑባዳ የተባለውን ንጉሥ ነው፤ የሓሪስ አራተኛው ቀዳሚ ነው። ስትራቦን የተባለው ጸሐፊ እንደሚለው ይህ ሰው የአገሩን ጉዳይ ችላ ብሎ ሁሉንም ነገር ሲላዮስ ለሚባል ሹሙ ተወለት። በ25 ከልደት በፊት ገደማ የሮም ጦር በኤሊዮስ ጋሎስ መሪነት የመንን ሊወር ሲነሳ መንገድ መሪው ሲላዮስ ነበር። ጦሩ ውሃ በሌለበት በረሃ ተንከራቶ፣ በበሽታና በረሃብ አልቆ ተመለሰ። ስትራቦን ጥፋቱን ሁሉ በሲላዮስ ተንኮል ላይ ያሳብባል። እኔ ግን ይህን ምስክርነት በጥንቃቄ ነው የማየው፤ ስትራቦን የተሸነፈው የጦር መሪ ወዳጅ ነበርና። ለማንኛውም ሲላዮስ በመጨረሻ ሮም ውስጥ አንገቱ ተቀላ።

እዚሁ ላይ ስትራቦን ፔትራ ውስጥ ከኖረ ጓደኛው የሰማውን ሌላ ነገር ጽፏል። የነበጥ ንጉሥ በግብዣ ላይ ራሱን የሚያስተናግድ፣ ሌሎችንም የሚያስተናግድ ነበር። በሕዝቡ ጉባኤ ፊት ቆሞ ስለ አገዛዙ መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዴም የግል አኗኗሩ ሳይቀር ይመረመር ነበር። ሱብሓነላህ! ይህን ሳነብ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር (ረ.ዐ.) በተሾሙ ማግስት ሕዝቡን መልካም ስሠራ እርዱኝ፣ ሳጠፋ አቅኑኝ ማለታቸው ትዝ አለኝ። ነበጦቹ ወሕይ አልወረደላቸውም፤ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ግን ንጉሥ በሕዝቡ ፊት የሚጠየቅ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ወደ ከምከም መቃብር ንጉሥ እንመለስ። ሓሪስ አራተኛው ከ9 ከልደት በፊት እስከ እ.ኤ.አ. 40 ድረስ ገዛ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። እርሱ ለራሱ የመረጠው ስም «ሕዝቡን የሚወድ» የሚል ነው። በአል-ሒጅር መቃብሮች ላይም ስሙ ከዚህ ቅጽል ጋር ደጋግሞ ይገኛል። «የግሪኮች ወዳጅ» ካለው ከሓሪስ ሦስተኛው ጋር አስተያዩት። በገንዘቡም ላይ የእርሱና የንግሥቲቱ መልክ ጎን ለጎን ይታያል፤ መጀመሪያ ኹልዱ፣ ኋላ ደግሞ ሹቀይላ የምትባለው። ከምከም በስሟ መቃብር ማሠራቷ፣ ንግሥቲቱም በገንዘብ ላይ መታየቷ በዚያ አገር ሴት ንብረትና ስም እንደነበራት ይነግረናል።

የዚህ ንጉሥ ታሪክ ከአንድ ነቢይ ታሪክ ጋር ይነካካል። ሴት ልጁን ለገሊላው ገዢ ለሄሮድስ አንቲጳስ ድሯት ነበር። አንቲጳስ የወንድሙን ሚስት ሊያገባ ፈልጎ እርሷን ሊፈታት ተስማማ። ወሬው ግን አስቀድሞ ጆሮዋ ገባ። ምንም እንዳልሰማች ሆና በድንበር ላይ ወዳለው ወደ ማኬሮስ ምሽግ እንዲልካት ጠየቀችው፤ እርሱም ሳይጠረጥር ላካት። ከዚያ የአባቷ ጦር አዛዦች አንዱ ለአንዱ እያስተላለፉ አባቷ ዘንድ አደረሷት። ሓሪስ ይህንን ቂም ያዘ፤ የድንበር ክርክርም ተጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ36 ገደማ የአንቲጳስን ጦር ደመሰሰው። አንቲጳስ በዚያው ጊዜ ውስጥ ነቢዩላህ የሕያን (ዐ.ሰ.) ያስገደለው ገዢ ነው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እንደጻፈው ከሕዝቡ አንዳንዶች የጦሩን ጥፋት የየሕያ ደም ያመጣው የአምላክ ቅጣት አድርገው አዩት። የሮሙ ቄሳር ጢባርዮስ ሓሪስን በሕይወት ወይም አንገቱን እንዲያመጡለት ጦር አዘዘ። ጦሩ በመንገድ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ37 ቄሳሩ ሞተ፤ ዘመቻው ቀረ።

ይህን ሁሉ መልካም ነገር ስነግራችሁ ሌላውን ገጽ ብደብቅ ዳግመኛ ያኔ ባሳሳትኳቸው ልጆች ላይ የሠራሁትን መሥራት ይሆንብኛል። እነዚህ ሰዎች ሙሽሪኮች ነበሩ። ትልቁ ጣዖታቸው ዙ ሸራ ይባላል። የጡፈይል ኢብኑ ዐምር አድ-ደውሲን (ረ.ዐ.) የእስልምና ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ጣዖት ያውቀዋል፤ ባለቤታቸው ስትሰልም የፈራችው እርሱን ነበር። በከምከም መቃብር ላይ ደግሞ ከዙ ሸራ ጋር አላት፣ መናትና ሁበል ተጠርተዋል። ሁበል! የመካ ቁረይሾች በካዕባ ያቆሙት፣ በኡሑድ ቀን ስሙን ከፍ አድርገው የጠሩት ጣዖት ነው። የሱረቱ ነጅምን ተፍሲር የቀራ ሰው አላትንና መናትን ያውቃቸዋል። ይባስ ብለው ከነገሥታቱ አንዱን፣ ዑባዳ የተባለውን፣ ከሞተ በኋላ አምላክ አድርገው አመለኩት፤ በፔትራ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሕይወት ሳለ በጉባኤ የሚጠይቁትን ንጉሥ ሲሞት ይሰግዱለት ጀመር።

ከሓሪስ በኋላ ልጁ ማሊክ ነገሠ። በዚያ ዘመን አንድ ነጋዴ በጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ላይ የነበጡ ንጉሥ ማሊክ ይጠቀሳል፤ በዚያው መጽሐፍ የእኛው አዱሊስና አክሱም ከነገዢያቸው ከዞስካሌስ ጋር ተጽፈዋል። እኛም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አልነበርንም። ማሊክ እ.ኤ.አ. በ67 ሮማውያን አይሁዶችን ሲወጉ አንድ ሺህ ፈረሰኛና አምስት ሺህ እግረኛ ልኮ አገዛቸው። ልጁ ረብኤል ሕፃን ሆኖ ስለነገሠ መጀመሪያ እናቱ ሹቀይላ አብራው አስተዳደረች። ረብኤል እርሻን አስፋፋ፤ ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ሶሪያ ውስጥ ወዳለችው ወደ ቡስራ አዘነበለ። ለራሱም «ለሕዝቡ ሕይወትና መዳን የሰጠ» የሚል ስም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ106 ግን የሮሙ ቄሳር ትራያኖስ አገሪቱን ጠቅልሎ ወሰደና «የዐረቢያ ክፍለ ሀገር» አላት። ትልቅ ጦርነት ስለመደረጉ የተጻፈ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ነበጦች በመቃብራቸው ላይ የሚጽፉት ቀን በክፍለ ሀገሩ ዓመት የሚቆጠር ሆነ።

ቡስራ የምትለዋን ከተማ ልብ በሉ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደብዳቤ ለሮሙ ንጉሥ ለሂረቅል እንዲደርስ ዲሕያ (ረ.ዐ.) የሰጡት ለቡስራው ሹም ነው። የነበጥ የመጨረሻው ንጉሥ መዲና የነበረችው ይህችው ናት።

አሁን ወደ አል-ሒጅር እንመለስ፤ አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስናገር ቅር ሲላቸው አይቻለሁና። «ኡስታዝ፣ መቃብሮቹ የነበጦች ናቸው ካልክ ቁርኣን የነገረንን ልታስተባብል ነው?» የሚሉኝ አሉ። አስተግፊሩላህ! ሰሙዶች ከተራሮች ቤቶችን ይጠርቡ እንደነበር ቁርኣን ነግሮናል፤ በሙሉ ልብ እናምናለን። ነገር ግን ይህ ባለ ሰሌዳው፣ ባለ ጽሑፉ፣ በንጉሥ ሓሪስ ዘመን የተሠራው በር የእነርሱ ነው ያለው ቁርኣን አይደለም። ያልነው እኛ ነን። የካላንደር አሳታሚው ነው፤ እኔ ነኝ። ልጆቻችን አድገው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጽሑፉ መነበቡን ይሰማሉ። ያን ጊዜ የእኔን ስህተት ከቁርኣን ጋር አንድ ላይ አስሬ ካስተማርኳቸው፣ አንዱ ሲፈታ ሌላውም የሚፈታ ይመስላቸዋል። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በእኔ ካላንደር ምክንያት አንድ ልጅ በአላህ ቃል ላይ ቢጠራጠር በአኺራ ምን እመልሳለሁ?

የስፍራው ሑክም ደግሞ በመቃብሮቹ ላይ የቆመ አይደለም። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአል-ሒጅር አለፉ። ሰሓቦችን እያለቀሳችሁ ካልሆነ በቀር እነዚያ ወደተቀጡበት ስፍራ አትግቡ አሏቸው፤ ከጉድጓዶቹ ቀድተው ያቦኩትን ሊጥ ለግመል እንዲሰጡና ግመሊቱ ትጠጣበት ከነበረው ጉድጓድ ብቻ እንዲቀዱ አዘዙ። ስፍራው ያው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበውም ከመቶ በላይ መቃብሮቹንና የውሃ ጉድጓዶቹን ጠቅሶ ነው፤ የሐዲሱ ትእዛዝ ግን በዚህ አልተለወጠም።

በዚያው የተቡክ ዘመቻ ጊዜ የነበጥ ስም አንድ ጊዜ ብቅ ይላል። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ከዘመቻው ቀርተው ሰው ሁሉ እንዳያናግራቸው በታዘዘበት ወቅት፣ መዲና ገበያ እህል ሊሸጥ የመጣ አንድ የሻም ነበጥ ከገሳን ንጉሥ የተላከ ደብዳቤ አመጣላቸው። ወደ እኛ ና የሚል ነበር። ከዕብ ይህም ሌላ ፈተና ነው ብለው እሳት ውስጥ ጣሉት። በነገሥታቱ ዘመን ሮምን የሚያሰጋው ሕዝብ በዚያን ጊዜ ስሙ የቀረው በእህል ነጋዴና በገበሬ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልጠፋም፤ ፊደላቸው። የዐረብኛ ፊደል ከነበጥ ጽሕፈት እንደመጣ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ ድንጋዮቹም ደረጃ በደረጃ ያሳያሉ። በአል-ሒጅር እ.ኤ.አ. በ267 የተጻፈ የአንዲት ሴት የመቃብር ጽሑፍ ፊደሉ የነበጥ ሆኖ ቋንቋው በአብዛኛው ዐረብኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ328 የተጻፈው የኢምሩል ቀይስ የመቃብር ድንጋይም እንዲሁ ነው። ከዚያ ደግሞ በዚያው በአል-ዑላ አካባቢ ዙሀይር የተባለ ሰው ዑመር (ረ.ዐ.) በሞቱበት ጊዜ፣ በ24 ዓመተ ሂጅራ፣ አለት ላይ የጻፈው አለ። እርሱን የእኛ የመድረሳ ልጅ ሊያነበው ይሞክራል። የከምከምን መቃብር የጻፈው እጅና የዙሀይር እጅ የስድስት መቶ ዓመት ልዩነት አላቸው፤ ፊደሉ ግን ዘመድ ነው። ልጆቻችን በሉሓቸው ላይ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ብለው የሚጽፉት ከዚያ የመጣ ነው።

ያቺ ጠያቂ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ልታስመዘግብ መድረሳችን መጥታ ነበር። ፎቶው አሁንም ከግድግዳው አልወረደም። ከሥሩ የነበረውን «የሰሙድ ቤት» የሚል ጽሑፍ አጥፍቼ «የነበጦች መቃብር፣ አል-ሒጅር፣ የንጉሥ ሓሪስ ዘመን» ብዬበታለሁ። ቆማ አነበበችውና ሳቀች። «ኡስታዝ፣ መልሱን ለመስጠት ሃያ ዓመት ፈጀብዎት» አለችኝ። አፉ በይኝ አልኳት።